ላስቲኳ ያልተነሳላት አውቶሞቢል

ለተከበሩ ጓድ ካሳሁን ወንድይፍራው
የንጋት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቃሊቲ

ግልባጭ፦ በሻይ ዕረፍት የግድግዳ ጋዜጣው ፊት ለሚቆም ሠራተኛ ሁሉ

ሰኔ ወር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ወገብዎ፣ አሮጌዋ ጂፕ አንገላታችው ብለው በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያመለከቱለት ወገብዎ፣ አዲሲቱ አውቶሞቢል ከመጣች ወዲህ ፈጽሞ እንደዳነ እኛ በእግራችን የምንመላለስ ሠራተኞችዎ ሁሉ ተስፋ እናደርጋለን። ባለቤትዎና ልጆችዎም ደህና መሆናቸውን በየጠዋቱ በመኪናዋ መስታወት በኩል እያየን ፈጣሪን እናመሰግናለን። እኔም ለክብርዎ ደህና ነኝ፤ ከግንቦት ወዲህ የያዘኝ ማቅለሽለሽ ብቻ አልለቀቀኝም። የክሊኒካችን ድሬሰር የሆድ ክኒን ሰጥቶኝ ነበር፤ ሆኖም በሽታው የሆድ እንዳልሆነ ስለማውቅ ክኒኑን ለሚያስፈልገው ሰው ይሁን ብዬ መለስኩለት።

እኔ ሰዓደት ጅብሪል እባላለሁ። ከወሎ መጥቼ እዚህ ፋብሪካ ከገባሁ በኋላ ፀጉሬ ሸብቷል፤ በጥራት ቁጥጥር ክፍል አቡጀዲ እመረምራለሁ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ። እኔ ግን አስታውስዎታለሁ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ የምስክር ወረቀቴን በእጅዎ የሰጡኝ፣ ከእንግዲህ በደል ቢደርስባችሁ በብዕራችሁ ተናገሩ ብለው ያስጨበጨቡን እርስዎ ነዎት። ምክርዎን በልቤ ይዤ በማታ ትምህርት እስከ ስምንተኛ ክፍል ገፋሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የሌላ ሰው እጅ አለበት ብለው እንዳይጠረጥሩ፣ እንደ ራስዎ የልፋት ፍሬ ይቁጠሩልኝ።

የምጽፍበትን ምክንያት ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ግንቦት መጀመሪያ ከበላይ አካል አንድ ጥያቄ መጣ፤ ለሥራ አስኪያጁ አገልግሎት የተገዛችው አነስተኛ የቤት አውቶሞቢል ከእኩዮቿ ሁሉ ይህን ያህል የተወደደችው በምን ምክንያት ነው የሚል ነበር። ዋጋዋን እዚህ አልጠቅስም፤ ብጠቅሰው የሚያነቡት ሸማኔዎች ወደ ማሽናቸው ሲመለሱ ሐሳባቸው ተበትኖ እጃቸውን ያስበላሉ ብዬ እፈራለሁ። እርስዎም ለሠራተኛው ድምፅ ካለዎት አክብሮት የተነሳ ጥያቄውን ራስዎ መመለስ አልፈለጉም፤ ዋጋዋ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚገመግም ኮሚቴ አቋቋሙ። ሰብሳቢው መኪናዋን የገዟት የግዥ ኃላፊ ጓድ መገርሳ፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ የእርስዎ ጸሐፊ፣ የቴክኒክ አዋቂው የእርስዎ ሾፌር ቀጀላ፣ የሴቶች ተወካይ ደግሞ እኔ ሆንኩ። አቡጀዲ ስታይ የኖረች ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብዬ ብጠይቅ፣ ጓድ መገርሳ ማወቅ እንደማያስፈልግና መፈረም ብቻ እንደሚበቃ ነግረው አጽናኑኝ።

ኮሚቴው ዋጋዋ ተገቢ ነው ብሎ ወስኗል። ሦስቱ ፈርመዋል፤ የእኔ ቦታ ባዶ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ለማስረዳት ብጠይቅ በቃለ ጉባኤው ላይ ቦታ የለም ስለተባልኩ፣ ሂስ የእድገት ምንጭ ነው ብለው ሪባን ቆርጠው ባስመረቁት በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ሐሳቤን በትሕትና ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

የእኔ ሥራ ቀላል ነው። ከሥሩ አምፖል በሚበራበት መስታወት ላይ ጨርቁ ይጎተታል፤ እኔ ተቀምጬ አያለሁ፤ ክር የዘለለበት፣ ዘይት የነካው፣ ሽመናው የሳሳበት ቦታ ሲያጋጥመኝ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ቀይ ክር የሌለበት ጨርቅ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ ጥቂት ያለበት ሁለተኛ፤ የበዛበት ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ በቅናሽ ለሠራተኛ በዕጣ ይሸጣል። ሌላ የመመርመሪያ ዘዴ አላውቅም። መኪናዋንም በዚሁ በማውቀው መንገድ ብመረምራት እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

አንደኛ፦ ስለ አመጣጧ። የክሊኒካችን ፒካፕ ሞተሩ ተነቅሎ በድንጋይ ላይ ከቆመ ከራርሟል፤ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። ለእሱ ምትክ መግዣ በጀት መያዙን በሠራተኛ ማህበራችን በኩል ሰምተን ደስ ብሎን ነበር። ባለፈው ሐምሌ ከአሰብ የመጣ የጭነት መኪና በሸራ የተሸፈነ ነገር ተሸክሞ በራችን ላይ ሲቆም፣ የክሊኒኩ መኪና መጣች ብለን ማሽናችንን ለጓደኛ አደራ እየሰጠን ወጣን። እድራችን የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች እድር ስለሆነ እንደ ልማዱ ሁለት በግ ገዝቶ አዘጋጅቷል፤ አንዱን የእኛ ወገን፣ አንዱን ክርስቲያኖቹ ባርከው አረዱ። አዲስ መኪና ደም ሳይፈስላት መንገድ አትጀምርም ብለን፣ ምን እንዳለበት ሳናይ በሸራው ላይ እልል አልን። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ተስፋ ስናደርግ መግለጥ እንረሳለን።

ሸራው ሲነሳ እልልታው ከመሃል ተቆረጠ። ከሥሩ የወጣችው ነጭ፣ አጭር፣ የምታብረቀርቅ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ አራት ሰው የሚቀመጥባትና አንድም ሰው የማይተኛባት የቤት አውቶሞቢል ነበረች። እርስዎም በዚያው ቆመው ስለ ጎጂ ልማድና ስለ ሳይንሳዊ አመለካከት ሰፊ ትምህርት ሰጡን፤ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ የጥብሱን ሳህን ስናቀርብልዎት ግን አላሳፈሩንም። ከየትኛው በግ እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም። ለዚህ ዓይነቱ የአመለካከት ስፋት ምስጋናችን የላቀ ነው። ይህን ብዬ የመጀመሪያውን ቀይ ክር አስራለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ምቾቷ። ኮሚቴው መኪናዋን በተግባር መፈተን አለበት ተብሎ አንድ ቀን ሥራችንን ትተን እስከ ደብረ ዘይት ተወሰድን። ሐይቁ ዳር ዓሣ ተጋበዝን። ዓሣውን በልቻለሁ፤ ጥሩ ነበር፤ በዓሣው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። የኮሚቴው ሪፖርት መቀመጫዋን እንደ ጥጥ ለስላሳ፣ ለረዥም ጉዞ የማይሰለች ይለዋል። እኔ ግን መቀመጫውን አላየሁትም። እርስዎም አላዩትም። ከፋብሪካዋ ስትወጣ የተለበሰላት ላስቲክ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት እንኳ አልተነሳላትም፤ አዲስነቷ እንዳይጠፋ ማንም እንዳይነካው አዝዘዋልና። በግንቦት ፀሐይ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ደብረ ዘይት መድረስ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፣ ቀሚሴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ስወርድ እንደ ልጣጭ መላጥ ነበረብኝ ብል ይበቃል። ጓድ መገርሳ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ላስቲኩ ሲንጫጫ ቀጀላ ራዲዮኑን ከፍ ያደርግላቸው ነበር። በዚህ ኮሚቴ ውስጥ ስለ ልስላሴ የተመሰከረው በላስቲክ ላይ ተቀምጦ ነው። አንባቢ ይህን ላስቲክ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ሆዷ። ሪፖርቱ ወደ መሬት ዝቅ ማለቷ በአስፋልት ላይ ለመረጋጋት ይረዳታል ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። አስፋልቱ ግን ከእኛ በር ሩቅ ነው፤ በመሃል የባቡር ሐዲዱ አለ፤ ከሐዲዱ ወዲህ ደግሞ በክረምት የሰው ጫማ የሚያስቀር ዋልካ ነው። አምና ክረምቱን በሙሉ መኪናዋ ሐዲዱ ላይ ሆዷ ሲነካ፣ ጭቃው ውስጥ ጎማዋ ሲዞር፣ የጠዋት ተረኞች እየተጠራን ገፍተናል። አንድ ቀን ባቡር ሊደርስ ነው ተብሎ የፈትል ክፍል ሴቶች ከነእርስዎ አንስተው አሻግረዋታል። ያን ዕለት ለመውረድ አልፈለጉም፤ ጫማዎ አዲስ ነበር። ከመስታወቱ ውስጥ ሆነው እጅዎን ከፍ አድርገው ሰላም ስላሉን ክብር ተሰምቶናል። ስለ ክብደቷ ማረጋገጫ የሚፈልግ የበላይ አካል ካለ ከእኛ በላይ የሚመሰክር አያገኝም፤ ተሸክመናታል።

አራተኛውን ቁጥር ለጊዜው እዘለዋለሁ። ሌሎቹን አስቀድሜ ልጨርስ።

አምስተኛ፦ ስለ ዕቃ መጫኛዋ። ከሁሉ የተደነቅሁት በዚህ ነው፤ ይህቺ ከውጭ ስትታይ ትንሽ የሆነች መኪና ከኋላዋ ምን ያህል ሰፊ ናት! ከደብረ ዘይት ስንመለስ ለእርስዎ ቤት የታዘዘ ማኛ ጤፍ ሙሉ ኩንታል ተጭኖባት ክዳኗ ያለ ችግር ተዘጋ። እህል ያለ ፈቃድ ወደ ከተማ እንዳይገባ የሚፈተሽበት ኬላ ላይ ስንደርስ የመንግሥት ታርጋዋ ታይቶ ገመዱ ወዲያው ተነሳልን። እዚያው ገመዱ አጠገብ ለልጆቻቸው የያዟትን ጤፍ የተቀሙ ሴቶች ከነባዶ ከረጢታቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዷ በመስኮቱ በኩል አየችኝ። እኔ የእርስዎን ጤፍ ከጀርባዬ አድርጌ ተቀምጬ አየኋት። የሴቶች ተወካይ ሆኜ ነበር የምጓዘው። ሪፖርቱ በዚህ ክፍል የጭነት አቅሟ በተግባር ተፈትኖ አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል ይላል፤ በምን እንደተፈተነ ግን ጸሐፊው ለመጥቀስ የረሳ ይመስለኛልና እዚህ አስታወስኩለት።

ስድስተኛ፦ ስለ ጸጥታዋ። መስታወቶቿ ሲዘጉ የውጭ ድምፅ ወደ ውስጥ አይገባም ተብሎ ተጽፏል። ይህ ብቻ ነው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ልፈርምበት የምችለው። ይህንንም ከውስጥ ሳይሆን ከውጭ ሆኜ አረጋግጫለሁ። ሪፖርቱ በመጨረሻው ገጽ ላይ የመኪናዋን ጉድለት ለማግኘት ብዙ ከደከመ በኋላ አንድ ብቻ አግኝቷል፤ የኋላ መስኮቶቿ መጋረጃ የላቸውም፣ ፀሐይና የመንገደኛ ዓይን ተሳፋሪውን ያስቸግራሉ፣ ስለዚህ በፋብሪካችን ሽመና ክፍል ልዩ ጨርቅ ተሠርቶ ይሰፋላት ይላል። ጓድ መገርሳ ይህን ሲያነቡ ኮሚቴው አጨበጨበ።

አሁን የዘለልኩትን ቁጥር ልጻፍ።

አራተኛ፦ ከደብረ ዘይት ተመልሰን በሩ ላይ ስንደርስ እርስዎ ቦርሳዎን ይዘው ቆመው ይጠብቁን ነበር፤ ከተማ ስብሰባ ነበረብዎት። በዚያው ቅጽበት የሽመና ክፍል ሴቶች ኡምሀኒን በሁለት ወገን ደግፈው ከግቢው ይዘዋት ወጡ። ኡምሀኒን ለማያውቃት ሰው፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር የሆነው የአብዱሰመድ ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነበር፤ ምጡ ማሽኗ ላይ እንደቆመች ያዛት። የሽርት ውሃዋ ፈስሶ ቀሚሷ ርሷል። የክሊኒኩ ድሬሰር ከኋላ እየሮጠ፣ ልጁ በእግሩ እየመጣ ነውና እኔ ጋ አይሆንም፣ ሆስፒታል አሁኑኑ አድርሷት ይል ነበር። ፒካፑ ዶሮዎቹን ተሸክሞ ድንጋዩ ላይ ቆሟል።

እኔ ከመኪናዋ ወርጄ ቦታዬን ለቀቅኩላት። ጸሐፊውም ወረደ። ቀጀላ ማንም ሳያዘው የኋላውን በር ከፈተ። መቼም የሰው ልጅ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ብዬ ስለማምን ሌላ ነገር ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። እርስዎ ግን ወደ ኡምሀኒ ቀሚስ አዩ፤ ወደ መቀመጫው አዩ፤ ከዚያም ድምፅዎን ሳይጨምሩ ተናገሩ።

«ኧረ ተዉ፣ ገና ላስቲኳ እንኳ አልተነሳም።»

በዚህ ቃል ላይ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ በሩ ላይ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። ቀጥለውም የመንግሥት ንብረት መሆኗን፣ ስብሰባው አስቸኳይ መሆኑን ገልጸው፣ ለሴትዮዋ ሌላ መኪና እንዲፈለግላት አዘዙ። ቀጀላ በሩን ዝጋ ሲባል ዘጋው። ቀጀላን አልከሰውም፤ በእሱ ደመወዝ የሚያድሩ ልጆች አሉበት፤ ሲዘጋውም ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እርስዎ ጓድ መገርሳ በለቀቁልዎት የፊት መቀመጫ ተቀመጡ። ጤፉ ለማውረድ ጊዜ ስላልነበረ አብሮዎት ተሳፈረ። የኋላው መቀመጫ ባዶውን፣ ላስቲኩን እንደለበሰ፣ ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ከተማ ሄደ። እየተከተልኩ መስታወቱን ብደበድብ አልሰሙኝም። ጸጥታዋን የመሰከርኩላት ያን ጊዜ ነው።

ኡምሀኒን ተሸክመን ሐዲዱን ተሻገርን፤ ዋናው መንገድ ላይ አስቀመጥናት። የሚያልፈው መኪና ሁሉ አለፈን። በመጨረሻ ጨው የጫነ ከባድ መኪና ቆመልን፤ ሾፌሩ ወልደሰንበት የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ስለ መቀመጫቸው ምንም አልተናገሩም። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አነጠፉላትና ያዟት አሉን። መኪናው ከባድ ስለሆነ መፍጠን አልቻለም፤ ሳሪስ ሳንደርስ ልጁ መውጣት ጀመረ፤ ሆስፒታል ስንገባ ወንድ ልጅ ነበር፤ አልተነፈሰም። አዋላጇ ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ አለችን። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይቺ ነጭ መኪና በአጠገቤ ባለፈች ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ስለ መኪናዋ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር ለእርስዎ ለራስዎ ያለኝ ስሜት ይህ ነው፤ የምጸየፍዎት በቁጣዬ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ ረጋ ብዬ ቁጭ ስልም ያው ነው።

አብዱሰመድ ከመንገድ በተመለሰ ማግስት ልጁን ለመቅበር መኪና አላስፈለገውም። በእጁ ይዞት ሄደ።

ስለ ላስቲኩ ብዙ አሰብኩ። እኛ ሴቶች ሕፃን በሚተኛበት ፍራሽ ላይ ላስቲክ የምናነጥፈው እንዳይረጥብ ነው። በእርስዎ መኪና ውስጥ ለምጥ ሴት ሆን ተብሎ የተዘጋጀ የሚመስል፣ በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወል የሚጠራ ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ተለብሶ ነበር። በመላው ቃሊቲ የኡምሀኒ ውሃ ሊጎዳው የማይችል አንድ መቀመጫ ቢኖር ያ መቀመጫ ነበር። የተሸፈነው ከእርጥበት ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ የተሸፈነው ከእኛ ኖሯል።

እንግዲህ ወደ ተጠየቅኩት ጥያቄ ልመለስ። ዋጋዋ ተገቢ ነው ወይ? ስለ ሞተሯ ቀጀላ ይናገር፤ ስለ ቀለሟና ስለ ራዲዮኗ የሚያውቁ ይመስክሩ፤ መልካም ዕቃ ልትሆን ትችላለች፤ የሠሯትን ሰዎች አልወቅስም፤ በሯ የሚከፈትበት አገር ቢደርሳት ኖሮ ዋጋዋን ታወጣ ነበር። እዚህ ግን በር ላይ የወደቀ ሰው የማታነሳ መኪና በነፃ ብትሰጥም ውድ ናት። በእኔ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰርባት ቀይ ክር ከጠርዟ አልፎ መሃሏን ሸፍኖታል። ደረጃዋ ሦስተኛ ነው። በፋብሪካችን ደንብ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም፤ ይሸጣል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው ይህ ነው፤ ይህቺ መኪና ትሸጥ፤ በገንዘቧ የክሊኒኩ ፒካፕ ሞተር ይገዛለት፤ ከተቻለም ጀርባው በሸራ ይሸፈን፣ ሰው የሚተኛበት ፍራሽ ይግባለት። የክረምቱ ዝናብ ጀምሯል፤ ዋልካው መያዝ ጀምሯል። ከፈትል ክፍል ወርቅነሽ፣ አምና ከነመኪናዎ አንስተው ሐዲዱን ካሻገሩዎት ሴቶች አንዷ፣ ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። እርስዎን ስትሸከም አልከበዷትም። እሷን የሚሸከም ነገር ከነሐሴ በፊት በበሩ ላይ ቆሞ ማየት እፈልጋለሁ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለኡምሀኒ አይደለም፤ ለኡምሀኒ ዘግይቷል። ለወርቅነሽ ነው።

ይህን በመጻፌ የሚደርስብኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ወደ ሌላ ክፍል ቢያዛውሩኝ ጨርቅ በሁሉም ክፍል አለ። ወረቀቱን ከግድግዳው ቢያስነሱት አንብበው የጨረሱት ሰዎች አይነሱም። ፊርማዬን ግን እስካሁን ባዶ በተተወው ቦታ ላይ አያገኙትም፤ ጓድ መገርሳም በእኔ ስም ሌላ ሰው እንዳያስፈርሙ በዚሁ አጋጣሚ አሳስባለሁ።

ፊደል ስላስቆጠሩኝ፣ ዓሣ ስላበሉኝ፣ በመስታወት ውስጥ ሆነው እጅዎን ስላነሱልን፣ በእኛ ትከሻ ላይ ተማምነው ሐዲድ ስለተሻገሩ ከልብ አመሰግናለሁ። ወገብዎን ፈጣሪ ከጉዳት፣ ጫማዎን ከጭቃ፣ መቀመጫዎን ከሰው ይጠብቅልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ከበሩ ወዲህ ማዶ ሆኜ፣

ሰዓደት ጅብሪል
ጥራት ቁጥጥር ክፍል

በተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ለመኪናዋ መጋረጃ በልዩ ትእዛዝ የተሠራው ጨርቅ ከሽመና ክፍል ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። የሸመነችው ኡምሀኒ ናት፤ የወሊድ ፈቃዷን ለማን ብዬ ልቀመጥ ብላ ሳትጨርሰው ተመልሳ ማሽኗ ላይ ቆማለች፤ ትእዛዙም ለእሷ ደረሳት። ለማን እንደሚሰፋ ነግረዋታል። ጨርቁን በመብራቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎተትኩት፤ ቀይ ክር የማስርበት ቦታ ለማግኘት ዓይኔ እስኪደክም ፈለግሁ፤ አንድም ክር አልዘለለችም። አንደኛ ደረጃ ነው፤ ዋጋው ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ፈርሜያለሁ። ቀጀላን ልከው ያስወስዱት፤ ከእንግዲህ በበሩ ሲያልፉ አያዩንም።